ከጅቡቲ ወደብ እስከ ታጁራና ኦቦክ፤ ሰነድ ለሚጠብቅ ነጋዴ የሚሆን የባሕር ጉዞ

የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ዕቃ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዳሩ ግን ሰነድ ይዘን ወደዚያ ከምንመላለሰው ሰዎች መካከል ከመጋዘኑ፣ ከጉምሩኩና ከሆቴሉ አልፎ ባሕሩን ያየ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስተዛዝብ ነው። እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ባሕሩን የማውቀው በጭነት ሰነድ ላይ በተጻፈው የመርከብ ስምና በዲመሬጅ ሒሳብ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ የኅዳር ወር ነው። አሠሪዬ ያስመጡት ዕቃ ወደብ ደርሶ ሳለ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ የመርከብ ወኪል የኮንቴይነሩን ቍጥር በአንድ አኃዝ አሳስቶ ጽፎት ስለ ተገኘ፣ ሰነዱ እስኪታረም ድረስ እንድጠብቅ ታዘዝሁ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ በጅቡቲ ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። በሆቴሉ ደጃፍ ተክዤ ያገኙኝ አንድ ሽማግሌ ትራንዚተር፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ቢጠብቁም ባሕር ላይ ሆነው ቢጠብቁም ሰነዱ የሚታረመው በዚያው ቀን ነው» አሉኝና ጀልባ ከሚያከራዩ ሰዎች ጋር አገናኙኝ። እኔም ከሌሎች አምስት መንገደኞች ጋር ወጪውን ተካፍዬ ሄድሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚያ መንገድና በመንገዱ ላይ ስለሚገኙት ወደቦች፣ እንዲሁም ስለሚታዩት የባሕርና የአየር ፍጥረታት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን የተባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ስለሚበረታ፣ በዚያን ወራት በባሕር ላይ ለመዝናናት መነሣት ራስን መቅጣት ነው። ደኅናው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ፊት የማነሣው ትልቁ ዓሣም ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። አንዳንድ ቀን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ማዕበል ስለሚያስነሣ፣ የጀልባው አዛዥ «ዛሬ አንሻገርም» ካለ መከራከር አይገባም።

ከከተማው ወደብ እንደ ወጣን በመጀመሪያ የምናየው መልሕቃቸውን ጥለው ተራ የሚጠብቁትን መርከቦች ነው። ሁሉም በነፋሱ አቅጣጫ አፍንጫቸውን ወደ አንድ ወገን መልሰው ይቆማሉ። ለሌላው መንገደኛ ይህ መልካም ትርኢት ይሆናል፤ ለእንደኛ ያለው ሰው ግን ትርኢቱ ከሒሳብ አይለይም። በጅምላ የሚጫን ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የያዘች መርከብ ደርሳ ለማራገፍ ዝግጁ መሆኗን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ከሰጠች በኋላ፣ እንደ ውሉ አጻጻፍ ሰዓቱ መቈጠር ይጀምራል። በውሉ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ በቆየች ቍጥር የዲመሬጁ ዕዳ በተከራዪው ላይ ይወድቃል፤ መጨረሻውም የማዳበሪያው ዋጋ ሆኖ ወደ ገበሬው ቤት ይደርሳል። በቢሮ ተቀምጬ ስጽፈው የኖርሁትን ነገር በዐይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የዶራሌ ክሬኖች ይታያሉ። የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ የጀመረው በ2009 አካባቢ ሲሆን፣ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚራገፍበት ሁለተኛው ክፍል የተመረቀው በ2017 ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ለንግድ አገልግሎት የተከፈተው በ2018 መጀመሪያ ነው።

ከወደቡ በስተ ሰሜን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሙሻ የተባለችው ደሴት ትገኛለች፤ ማስካሊ የተባለችው ታናሽ እኅቷም በአጠገቧ አለች። በመንገድ ላይ ዶልፊኖች መጥተው በጀልባው አፍንጫ ፊት ይዘላሉ። ይህን የሚያደርጉት መንገደኛውን ለማስደሰት አይደለም። ጀልባው ውሃውን ሲገፋ ከፊቱ የሚፈጠረው ግፊት ያለ ድካም ወደ ፊት ስለሚወስዳቸው ነው፤ በሰው ጭነት ላይ የራሱን ጭነት አስደርቦ በነጻ እንደሚያስኬድ ሰው ያህል ናቸው። በደሴቲቱ ዳርቻ ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ የሚያቆም ማንግሮቭ የተባለ ዛፍ አለ። በዛፉ ሥር ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ ይጠለላል፤ ይህን ለመልቀም ሳቢሳ የሚመስሉ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይመጣሉ። ከጥልቀቱ መለስ ባለው ጥርት ያለ ውሃ የባሕር ኤሊ ሲዋኝ ማየት ይቻላል። ከዐይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለው የባሕር ወፍም በዚያ አለ፤ ይህ ወፍ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ነው።

የሙሻ ደሴት ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። እንግሊዞች በ1839 ኤደንን ከያዙ በኋላ በአጠገቡ ያሉትን ማረፊያዎች ሌላ መንግሥት እንዳይቀድማቸው ሰግተው፣ በ1840 ከታጁራ ሡልጣን ጋር ውል ተዋውለው ይህችን ደሴት በዐሥር ከረጢት ሩዝ ገዟት። ሩዝ ለሚያስመጡ አንባቢዎቻችን ስሌቱን እተውላቸዋለሁ። ነገር ግን ገዢዎቹ በደሴቲቱ ላይ ምንም ሳይሠሩባት ኖረው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለፈረንሳዮች ለቀቁላቸው።

በሙሻ አድሮ በማለዳ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ጀልባ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ በአርታ ዳርቻ ይደርሳል። የዚህ ጉዞ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ዌል ሻርክ የሚባለው ፍጥረት ስሙ ከዓሣ ነባሪ ጋር የተዛመደ ቢሆንም ዓሣ ነባሪ አይደለም። ዓሣ ነባሪ እንደ ላም ደመ ሞቃትና ግልገሉን የሚያጠባ፣ አየር ለመተንፈስም ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ ይህ ግን በስንጥቡ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ በግዙፍነቱ የሚበልጠውም እርሱ ነው፤ ሙሉ ሰውነት ሲይዝ ከአሥራ ሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም አለ። በአርታ ዳርቻ የሚታዩት ግን አብዛኛዎቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ሲሆኑ ርዝመታቸው ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ያህል ነው። ሻርክ የሚለውን ስም የሰማ ሰው መፍራቱ አይቀርም፤ እኔም ፈርቻለሁ። ነገር ግን ጥርሱ ከሩዝ ቅንጣት የማይበልጥ ከመሆኑም በላይ ለመንከስ አይጠቀምበትም። የሚመገበው ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ ነፍሳትና እንቍላሎች ነው። በቀዝቃዛው ወራት እነዚህ ደቃቃን በዳርቻው ስለሚበዙ፣ አፉን እንደ ጆንያ ከፍቶ ውሃውን ይስባል፤ ውሃውም በስንጥቡ ሲወጣ ምግቡ በውስጥ ይቀራል። አንዳንዴም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ በአንድ ቦታ እንደ ቆመ ይጠጣል። ጥቁር ግራጫ በሆነው ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተዘርተዋል፤ የነጥቦቹ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ የአንዱ ከአንዱ ስለሚለይ፣ አጥኚዎች ፎቶግራፍ እያነሡ እያንዳንዱን በመዝገብ ይለዩታል።

በጀልባችን ጎን ያለፈው አንዱ ዓሣ በጀርባው ክንፍ ላይ የተቈረጠ ጠባሳ ነበረው። አዛዡን ስለዚህ ብጠይቀው በእጁ የሚሽከረከር ነገር አሳየኝ፤ የጀልባ ሞተር ማለቱ ነበር። ከተመለስሁ በኋላ እንዳነበብሁት፣ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ በ2000ዎቹ ዓመታት በተደረገ ጥናት ከተመዘገቡት ዓሦች ከግማሽ የሚበልጡት በጀልባ ወይም በሞተር ምላጭ የተመቱ ሆነው ተገኝተዋል። ለመብላት ወደ ውሃው ገጽ ስለሚወጣና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለመሸሽ አይችልም። ይህ ዓሣ ከ2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካሠጋቸው ፍጥረታት ጋር ተጽፏል። ስለዚህ ጀልባ የሚከራይ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዓሣው ሲታይ ሞተሩ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለውን ነው። ለፎቶግራፍ ብሎ አዛዡን «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» የሚል መንገደኛ በኛም ጀልባ ውስጥ ነበረ፤ አዛዡ ግን አልሰማውም፣ ደግ አደረገ።

ከአርታ አልፎ ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ባሕረ ሰላጤው በጠባብ በር በኩል ጉቤት ወደሚባለው የተከበበ ውሃ ይገባል። በበሩ ላይ ሞገዱ ኀይለኛ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ጸጥ ያለና ከሁለት መቶ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሲሆን፣ በዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ይታያል። የአጋንንት ባሕር ነው እየተባለም ይፈራል። የምድሩ ጠባይ እንዲህ የሆነበት ምክንያት፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሥር የሚመጣው የመሬት ስንጥቅ ወደ የብስ የሚወጣው በዚህ ቦታ በመሆኑ ነው። ይኸው ስንጥቅ በአፋር በኩል ከኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ይገናኛል። በ1978 በኅዳር ወር አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ነዷል።

አሳል ሐይቅ ራሱ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ስለሚገኝ በአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ከጉቤት የሚሰርገው የባሕር ውሃ በምድር ውስጥ አልፎ እዚያ ይደርሳል፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨው ይቀራል። ብዙ ሰው በቀድሞ ዘመን በገበያችን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ከዚህ የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን አሞሌው ይቈረጥ የነበረው በሰሜን አፋር በአርሆ ሜዳ ነው፤ ከአሳል የሚመጣው ጨው በአፋር ነጋዴዎች ግመል ወደ አውሳና ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። በጉቤት ዳርቻ ለጨው መጫኛ የሚሆን ወደብ በ2017 ተከፍቷል። መርከቦቹም ወደዚያ የሚገቡት አሁን በገለጽሁት የዌል ሻርክ መንገድ በኩል ነው፤ ይህን ነገር የወደብ ሰዎችም የጨው ነጋዴዎችም ቢያስቡበት መልካም ነው።

ማታ በታጁራ ይታደራል። ታጁራ በሰሜን ዳርቻ ከተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ቤቶቿ በኖራ የነጡ የአፋር ከተማ ናት፤ ሰባት መስጊድ ያላት ከተማ እየተባለች ትጠራለች። የጅቡቲ ከተማ ሳትቈረቈር ብዙ ዘመን አስቀድሞ ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል ነጋዴ የሚነሣው ከዚህ ነበር። ከደጋው የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በዚሁ ያልፍ ነበር፤ ባሪያም እንደ ዕቃ ተቈጥሮ አልፎበታል፣ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ እውነትን ማጉደል ነው።

ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በኤደንና በሐረር በቡና ንግድ ከሠራ በኋላ፣ በ1885 መጨረሻ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለመሸጥ ወደ ታጁራ መጣ። ጉዞው በጥቂት ሳምንት የሚጀመር መስሎት ነበር። ዳሩ ግን ግመል ጠፋ፤ ቀጥሎም ፈረንሳዮችና እንግሊዞች መሣሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለ ተስማሙ ፈቃዱ ታገደ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ፤ ሌላው አብሮት ሊሄድ የነበረው ነጋዴ ሶሌዬም በኤደን ሞተ። ራምቦ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት 1886፣ ብቻውን ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ፤ ከዚያም ወደ እንጦጦ ወጣ። ምኒልክ ግን በጥር ወር ሐረርን ይዘው ብዙ መሣሪያ ስላገኙ የርሱ ጠመንጃ ያን ያህል አላስቸኰላቸውም። ዋጋውን ዝቅ አድርገው ገዙት፤ የሟቹ የላባቱ ባለ ዕዳዎችም መጥተው ከዚያው ላይ ተቀነሰላቸው። የቀረውን ገንዘብ በሐዋላ ከሐረሩ ገዥ ከመኰንን (በኋላ ራስ መኰንን) እንዲቀበል ታዘዘለት። ስለ ቅኔው ብዙ ሰው ጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን የፈቃድ መታገድ፣ የማጓጓዣ መጥፋት፣ የዋጋ መውረድና የሸሪክ ዕዳ በአንድ ጭነት ላይ ተደራርበው መምጣታቸው ነው። በማግሥቱ ጧት በባሕሩ ዳር ስመላለስ የኔ የአንድ አኃዝ ስሕተት ቀልሎ ታየኝ።

በታጁራ አዲስ ወደብ በ2017 ተከፍቷል። ከአፋር ምድር ሊወጣ የታሰበውን ፖታሽ ለመጫን ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ በባልሆ በኩል ወደ አገራችን የሚገባ መንገድም አለው። ዕቃቸው ወደ ሰሜን የአገራችን ክፍል የሚሄድ ነጋዴዎች በጋላፊ መንገድ ብቻ ከመመካት ይልቅ የዚህን ወደብ ዋጋና ርቀት ከትራንዚተራቸው ጋር ቢያሰሉ ጊዜያቸውን አያባክኑም።

ከታጁራ ወደ ኦቦክ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረንሳይ ይህን ስፍራ በ1862 በዐሥር ሺህ የማሪያ ቴሬዛ ብር ገዝታ ከሃያ ዓመት በላይ ሳትሰፍርበት ቆየች። የምሥራቅ እስያ ጦርነት በመጣ ጊዜ እንግሊዞች በኤደን ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች የድንጋይ ከሰል መስጠት ስለ ከለከሉ፣ በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ የተባለውን ሹም ልካ ኦቦክን ሠፈረችበት። ነገር ግን መልሕቅ መጣያው ከነፋስ የማይከልል ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስደው የነጋዴ መንገድም የሚመቸው ከባሕረ ሰላጤው ደቡብ ነው። ስለዚህ በ1888 ጅቡቲ ተቈረቈረች፤ ቀስ በቀስም ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ ሁሉ ወደዚያ ተሻገሩ። የባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የኦቦክም የታጁራም ንግድ አበቃለት። ዛሬ በኦቦክ ዳርቻ ከዚያ ዘመን የሚታየው ነገር የባሕርተኞችና የወታደሮች መቃብር ነው።

በኦቦክ ስንወርድ ግን በዐይን የሚታየው መቃብር ብቻ አልነበረም። በዳርቻው ጥላ ሥር የተቀመጡ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም የሚናገሩ ወጣቶችን አየን። ወደ የመን ለመሻገር ደላላ የሚጠብቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህም በሚያዝያ 2024፣ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚሁ ጠረፍ ተገልብጠው በብዙ ዐሥር የሚቈጠሩ ወገኖቻችን ሞተዋል። የሀገሬን ሰው በዚያ ሁኔታ ካየሁ በኋላ የጀልባችን ምሳ አልተዋጠልኝም። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ቀርቦ «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነዎት? ጤፍ ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋጋውን ነገርሁት፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ ጥላው ተመለሰ።

ከኦቦክ በስተ ሰሜን ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባብ ኤል መንደብ ይገኛል። ስፋቱ በጠባቡ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደረግ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ መገደዳቸውንና የማጓጓዣው ዋጋ መናሩን አስመጪዎቻችን በደረሰኛቸው ያውቁታል። ይኸው በር ለወፎችም በር ነው። ንስርና ጭልፊትን የመሰሉ ትልልቅ አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚጓዙት ከሞቀ ምድር በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፈው ስለሆነ፣ ሰፊ ባሕር ለመሻገር አይችሉም። ስለዚህ በመከር ወራት ከሩቅ ሰሜን መጥተው በዓረብ አገር ይወርዱና በዚህ ጠባብ በር ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ። በ1987 መከር በዚሁ ስፍራ ቆመው የቈጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ መዝግበዋል። እኛም ከኦቦክ ዳርቻ ሆነን ሰባት ንስሮች በከፍታ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገራችን ሜዳና ደጋ፣ ሲሄዱ አየን።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው የጀልባውን ኪራይ፣ የነዳጁንና የምግቡን ወጪ፣ የሚታደርበትንም ቦታ በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩንም ራሱ ቈጥሮ ይረከብ። በጅቡቲ ጫት ከአገራችን የሚደርሰው ቀትር አካባቢ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ሥራ ሁሉ ስለሚቀዘቅዝ፣ ውሉን በጧት መፈራረም ይሻላል። ፓስፖርትና የሚጠጣ ውሃ ከሁሉ በፊት ይያዝ።

ቅዳሜ ማታ ወደ ጅቡቲ ተመለስን። እሑድ ጧት ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድሁ፤ የተሳሳተው አኃዝ በቀይ እስክሪፕቶ ተሰርዞ፣ በጎኑ ማኅተም ተደርጎበት አገኘሁት። የአራት ቀን ዲመሬጅ ከፍለን ዕቃውን ወደ ሞጆ አስጫንሁ።